በመስመር ሃያ ላይ ያለው ስም

በስሜ ሰባት የኮምፒውተር ጨዋታዎች አሉ። የእኔ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አይረቡም። አንደኛው ቁጥር ያስገምታል፤ ሁለተኛው አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም፣ ኮምፒውተሩን ከነአካቴው ማጥፋት ነው። አምስቱን የሠራው ጓደኛዬ ነው። ይህችን አጭር ነገር ለመናገር ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀብኝ፤ ተናግሬም የቀለለኝ ነገር የለም።

ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ፕሪንተር እጠግናለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ ማረሚያ ቤት ዘመድ ያላቸው ሰዎች ማመልከቻ ሲፈልጉ እጽፍላቸዋለሁ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፤ አቧራውን በቀን ሦስቴ ብጠርገውም ተመልሶ ይተኛል። ከሥራ የተረፈኝን ሰዓት የማጠፋው ሚስቴ «የሙት ዕቃ» በምትለው ነገር ላይ ነው። የሰፈራችን ልጆች ያኔ ቤዚክ በሚባል አሮጌ የፕሮግራም ቋንቋ የሠሯቸውን ጨዋታዎች እሰበስባለሁ። በእኛ ቤዚክ እያንዳንዱ መስመር ቁጥር ነበረው፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ እያለ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩም በዚያው ተራ ያነበዋል። ዛሬ የሚሠራበት ሰው አላውቅም። ከፊደልና ከነጥብ የተሠሩ ሰዎች፣ እንደ ትንኝ ጆሮ ላይ የሚጮህ ድምፅ፣ ጨዋታችን ያ ነበር። ልጄ አንዱን አይታ «አባዬ፣ ይሄ ተበላሽቷል» ብላኛለች።

ቤዚክ የተማርነው ከመጋዘን ተከፍላ በተሠራች ባለ ሁለት ክፍል ማሰልጠኛ ውስጥ ነው። ተማሪው ሠላሳ ያህል፣ ኮምፒውተሩ አራት፤ ከአራቱ አንዱ የማይሠራ፣ ሴቶቹ በጥቁር ስክሪኑ ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉበት። ስለዚህ ፕሮግራም የሚሠራው በኮምፒውተር ሳይሆን በደብተር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን እየጻፍን፣ እየሰረዝን፣ ኮምፒውተሩ የሚያደርገውን በጭንቅላታችን እየገመትን እንቆይና ቅዳሜ የግማሽ ሰዓት ተራ ይደርሰናል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ሁለት ሁለት ሆነን አንዱ ከደብተሩ ያነባል፣ ሌላው ኪቦርድ ይመታል። አክስቴ የቀበሌ ታይፒስት ስለነበረች የእኔ ጣት ፈጣን ነው። ጓደኛዬ ደግሞ አንዲት ፊደል ፈልጎ እስኪያገኝ ተራው ያልቃል። ጭንቅላቱ ግን ሌላ ነበር። ያስተማረን አንድ አስተማሪ ነው፤ እኔ መልመጃ ስሠራ እሱ ጨዋታ ይታየዋል። «ቅንፍ ክፈት… ኤክስ… ኮማ… ዋይ… ቅንፍ ዝጋ» እያለ ሲያነብልኝ ምን እንደሚወጣ ሳላውቅ እመታለሁ። ስናስነሣው ስክሪኑ ላይ ነገር ይንቀሳቀሳል። እኔ እጮኻለሁ፤ እሱ «ዘገየ» ይልና ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ይጽፋል።

አስተማሪያችን አንድ ደንብ ነበረው። ሥራችንን የምናስቀምጥበት ፍሎፒ ዲስክ እየተቀያየረ ጠብ ስለሚነሣ፣ በማንኛውም ፕሮግራም መስመር ሃያ ላይ የፍሎፒው ባለቤት ስም እንዲገባ አዘዘ። ፕሮግራሙ ሲነሣ መጀመሪያ ርዕሱ፣ ከዚያ ያ ስም በትልቁ ይወጣል። ጓደኛዬ ፍሎፒ አልነበረውም፤ ቤታቸው ለእንዲህ ያለ ነገር የሚተርፍ አልነበረም። ሥራው ሁሉ የሚቀመጠው በእኔ ፍሎፒ ላይ ነው። ደንብ ነውና በአምስቱም ጨዋታዎች መስመር ሃያ የሚያወጣው የእኔን ስም ነው። አንድ ቀን «ያንተንም እንጨምር?» ያልኩት ይመስለኛል። ይመስለኛል የምለው ሌላ ውሸት ላለመጨመር ነው፤ ምናልባት ብዬውም አላውቅ።

የመጨረሻው ጨዋታ የወንዙ ነው። ሰውዬው ፋብሪካ ሊገባ ነው። ክረምት ነው፣ የአቃቂ ወንዝ ሞልቷል፣ ድልድዩ ሩቅ ነው። ውሃው መሐል ያሉት ድንጋዮች አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይሰወራሉ። ሰውዬው የፋብሪካው ሳይረን ሦስት ጊዜ ከመጮሁ በፊት ተሻግሮ በሩ ላይ መድረስ አለበት። የሳይረኑን ድምፅ ለማግኘት ብቻ ሦስት ቅዳሜ ፈጅተናል። ጓደኛዬ ቁጥር ያስቀይረኛል፣ ጆሮውን ወደ ኮምፒውተሩ ያስጠጋል፣ «አይደለም» ይላል፣ እንደገና ያስቀይረኛል። አባቱ ወንዙ ዳር ካለችው የድሮ የገበሬ መንደር ተነሥተው በየቀኑ ፋብሪካ የሚመላለሱ ሰው መሆናቸውን አውቅ ነበር። ግን ነገሩን ከነገሩ አላገናኘሁትም። እኔ የምጨነቀው ኮማ እንዳይዘለኝ ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ ወላጆች ተጠሩና ሥራችን ለእይታ ቀረበ። የወንዙ ጨዋታ ከሁሉ ስለበለጠ በሩ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተደረገ። ጓደኛዬ አባቱን ይዞ መጣ፤ አባትየው ከሥራ በቀጥታ፣ ሁለት ባልደረቦቻቸውን አስከትለው። ሰው ከብቦ ያያል፣ ይስቃል፣ «ኧረ ሰመጠ! ሰመጠ!» ይላል። አስተማሪው ትከሻዬን ይዞ ስለ እኔ ጉብዝና ለወላጆቹ ተናገረ። ተጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ። እውነት ልናገር ከተነሣሁ አይቀር፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዘወር ስል ጓደኛዬም አባቱም የሉም። በሚቀጥለው ሰኞ ሰርተፊኬቱን ሊወስድ አልመጣም። መጋዘን ውስጥ ጭነት የማውረድ ሥራ እንደ ጀመረ ከሌላ ሰው ሰማሁ። ምን ሆነህ ነው ብዬ ልጠይቀው አልሄድኩም።

ከዓመታት በኋላ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ። ጅቡቲ ይመላለሳል፤ ሲመለስ መኪናውን ቃሊቲ ያቆምና አንዳንዴ ሱቄ ብቅ ይላል፣ ማኪያቶ እንጠጣለን። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጎማ ያወራል። ስለ ጨዋታ አንሥቶ አያውቅም፤ እኔም አላነሣሁም። አንድ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ የተበተኑትን ፍላሾች እያየ «አሁንማ ለማንም ይተርፋል» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አዋሽን ካለፈ በኋላ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። የተቀበረው ሳሪስ አቦ ነው። እንደማንኛውም ለቀስተኛ ተሰልፌ፣ የአባቱን እጅ ጨብጬ፣ «እግዜር ያጥናዎ» ብዬ አለፍኩ። ማን እንደሆንኩ አላወቁም።

ፍሎፒዎቹን ያገኘኋቸው የእናቴን ቤት ሳጸዳ፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ግማሾቹ ሻግተዋል። የፍሎፒ ማንበቢያ ፍለጋ መርካቶ ሁለት ቀን ተንከራተትኩ። ቆሻሻ መስለው ከተጣሉ ዕቃዎች መሐል አንድ አገኘሁ። የወንዙ ጨዋታ ከነመስመር ሃያው ተርፏል። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቼ፣ አሮጌ ኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም ስልክ ላይ እንዲሠራ አድርጌ ለቀቅኩት። ሌሎች የድሮ ተማሪዎችም ከየቤታቸው ፍሎፒ እያመጡልኝ የስንቱን ሥራ ከሻጋታ አዳንኩ። ሰው ግን ከሁሉ የወንዙን ወደደ። «በዚያ ዘመን እንዲህ የሚያስብ ልጅ ነበር?» እያሉ ይጽፉልኛል። ሳሪስ ያለ አንድ የወጣቶች ማዕከል ጨዋታዎቹን ለሕዝብ እንዳሳይ ጋበዘኝና ማይክራፎን ይዤ ስለ ወንዙ አወራሁ። መጀመሪያ ዝም ያልኩት ታሪኩን ማስረዳት ረጅም ስለሆነብኝ ነው። በኋላ ግን ሙገሳው ጣመኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ወንዙን ራሴ የፈጠርኩት መስሎ ይታየኝ ጀምሮ ነበር።

የጓደኛዬ እህት ሱቄ የመጣችው ይሄኔ ነው። ማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ለጠያቂዎች ሳሙናና ብስኩት የምትሸጥ፣ ከወንድሟ ጥቂት ዓመት የምታንስ ሴት ናት። ስልኳን አውጥታ የወንዙን ጨዋታ አሳየችኝ።

«ይሄን ወንድሜ አይደለም የሠራው?» አለች።

«እሱ ነው» አልኳት። አላሰብኩበትም፤ አፌ ቀደመኝ።

ወንበር ስባ ቁጭ አለች። የተቆጣች አልመሰለኝም፤ በጣም የደከማት ነው የምትመስለው። «ታዲያ ለምን ውሸታም ተብሎ ሞተ?» አለችኝ።

ያን ቀን የሆነውን የሰማሁት ከእሷ ነው። ጓደኛዬ «የሠራሁትን መጥተህ ታያለህ» እያለ አባቱን ሲለምን ከርሟል። አባትየው ኮርተው ባልደረቦቻቸውን ይዘው መጡ። እሳቸው የፈረንጅ ፊደል አይለዩም፤ አንዱ ባልደረባቸው ግን ይለያልና ስክሪኑ ላይ የወጣውን የእኔን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። «ይሄ እኮ የሌላ ሰው ልጅ ነው የሠራው» አላቸው። በዚያው ቅጽበት አስተማሪው እኔን አቅፎ ያሞግሳል። ጓደኛዬ መንገዱን ሙሉ ስለ ፍሎፒው፣ ስለ ደንቡ ሊያስረዳ ሞከረ። ፍሎፒ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ይገባዋል? ቤት ሲደርሱ በቀበቶ ገረፉት፤ «የሰው ሥራ ሰርቀህ በጓደኞቼ ፊት አዋረድከኝ» እያሉ። ግርፋቱስ ይረሳል፣ አለች እህቱ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ምንም ቢናገር አላመኑትም። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ ሲላቸው «አምጣና አሳየኝ» አሉት። ሚስት ላገባ ነው ሲላቸው የልጅቷ ቤት ሰው ልከው እውነት መሆኑን አስጠየቁ።

«አባባ አልጋ ይዟል» አለችኝ። «ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት ብለውናል። ሳይሞት ሄደህ ንገረው። ልጅህ አልዋሸህም በለው። ከአንተ ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም።»

እሄዳለሁ አልኳት። አፈርኩም ፈራሁም። ባዶ እጄን ከመሄድ ደብተሮቹን ይዤ ብሄድ ይሻላል ብዬ አሰብኩ፤ አባት የልጁን የእጅ ጽሑፍ ያውቃል። የት እንዳሉ ስጠይቃት ፊቷን አዞረች። ከተዝካሩ በኋላ ቤት ስታጸዳ ለቆራሌው ሰጥታቸዋለች፤ ቆራሌው ደግሞ ሰፈሯ ላለው ባለሱቅ ለመጠቅለያ ሸጧቸዋል። የዚያኑ ዕለት ወደ ሱቁ ሄድን። ባለሱቁ ሽማግሌ የስልጤ ሰው ናቸው። ነገሩን ስንነግራቸው ደነገጡ።

«ቁጥር ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ነበረ፤ ትዝ ይለኛል» አሉ። «ወላሂ ባውቅ አልነካውም ነበር። ቆሎና ስኳር ጠቅልዬበት አለቀ።»

ያም ሆኖ ከመደርደሪያ ሥር የቀረውን የወረቀት እስር ጎትተው አወጡና ሦስታችንም ጆንያ ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ ገለጥን። የማላውቃቸው ልጆች የሒሳብ ክፍል ሥራ፣ የልብ ሥዕል፣ የእንግሊዝኛ ቃላት። የጓደኛዬ የሆነ አንድም ቅጠል አልተገኘም። ስንወጣ ሰውዬው ይቅርታ አድርጉልኝ እያሉ እስከ በሩ ሸኙን። ይቅርታ ጠያቂው እሳቸው መሆናቸው አበሳጨኝ።

በማግስቱ መስመር ሃያን ቀየርኩ። የእኔን ስም አውጥቼ የጓደኛዬን ከነአባቱ ስም አስገባሁ። ቻናሉ ላይ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ፤ ፍሎፒውን፣ ደንቡን፣ ማይክራፎኑን ሳይቀር። መልሱ ጎረፈ። «ትሕትናህ አስለቀሰኝ» አለ አንዱ። «ለሞተ ጓደኛው ክብሩን የሰጠ ሰው» አለች ሌላዋ። ትሕትና አይደለም፣ የሰው ሥራ በስሜ ይዤ ነው የኖርኩት ብዬ እንደገና ጻፍኩ። «ትልቅ ሰው ሲሆኑ እንዲህ ነው» የሚል መጣ። በዕድሜዬ ተሰድቤ የማላውቀውን ያህል መሰደብ ፈለግኩ፤ የሰደበኝ ግን አልተገኘም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። ቤታቸው ወንዙ ዳር፣ በአዳዲስ ፎቆች መሐል የቀረች የጭቃ ቤት ናት። አባትየው መስኮቱ ሥር በተዘረጋ አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ ከብርድ ልብሱ በላይ የሚታየው አጥንት ብቻ ነው። እህቱ ትራሳቸውን ከፍ አደረገችላቸው።

«አባባ፣ የልጅዎ ጓደኛ ነኝ» አልኩና ስሜን ነገርኳቸው።

አስታወሱት። «ያ ልጅ ነህ? ጎበዙ?» አሉኝ።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «አባባ፣ ያን ቀን ያዩት ጨዋታ የእኔ አልነበረም። የሠራው ልጅዎ ነው። እሱ ከደብተሩ እያነበበልኝ ኪቦርዱን መታሁ እንጂ እኔ አንድም ነገር አላሰብኩም። ስሜ የገባው ዕቃው የእኔ ስለነበረ ነው። ልጅዎ አልዋሸዎትም። ይሄን ያኔ መናገር ነበረብኝ።»

የሰሙኝም አልመሰለኝ። ላፕቶፑን ጭናቸው አጠገብ አድርጌ ጨዋታውን አስነሣሁ። ሳይረኑ ሲጮህ ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። ሰውዬው ወንዙ ዳር ደረሰ። እዚህ ላይ ጨዋታው አንድ ነገር አለው። ሰውዬው ውሃው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ጫማውን ካላስወለቀው፣ ቢሻገርም የፋብሪካው ዘበኛ ከበር ይመልሰዋል። ያኔ ይህን ክፍል ስመታ «ምን ያደርጋል? ቦታ ይፈጃል» ብዬ ተከራክሬው ነበር፤ አላወጣውም አለኝ። ቁልፏን ተጫንኩ። ነጥብ የምታህለው ጫማ ከእግሩ ወጥታ ብብቱ ሥር ገባች።

«ይሄ እኔ ነኝ» አሉ።

እንባቸው ወረደ። እህቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ተገላገልኩ አልኩ።

«ጫማዬን ብብቴ ሥር አድርጌ ነበር የምሻገረው» አሉ። «ያ ዘበኛ ጭቃ ጫማ አያስገባም። ይሄን ከቤታችን ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።»

«አዎ አባባ፣ እኔም የምለው—»

«ነግሮሃል ማለት ነው» አሉ። «ስለ እኔ አጫውቶህ፣ አንተ ሠራኸው።»

«አይደለም አባባ። እውነቴን ነው የምልዎት።»

«እሱም እንደዚሁ ነበር የሚለኝ።»

ክንዴን ያዙ። ያን ያህል ጉልበት የቀራቸው አይመስልም ነበር። «ልጄ፣ የሞተ ጓደኛህን ስም ልታስጠራለት ነው። ገብቶኛል። እግዜር ይስጥህ፣ ልጆችህን ይባርክልህ። እንዳንተ ያለ ጓደኛ እንደነበረው አላወቅኩም።»

ስለ ደብተሩ ነገርኳቸው፣ ስለ ቅዳሜዎቹ፣ ስለ ሳይረኑ ድምፅ። በተናገርኩ ቁጥር ቃሌ በገዛ ጆሮዬ ለሙት የተፈጠረ ሰበብ እየመሰለ መጣ። እህቱ «በአቦ ይዤሃለሁ አባባ፣ እውነቱን ነው!» አለች። በሌላው እጃቸው አስቆሟት። «አንቺማ እህቱ ነሽ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን እዚያ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?»

«የልጅዎ።»

ክንዴ ላይ ያለው እጃቸው ጠበቀ። «አንሣው» አሉኝ። «አንድ ጊዜ የሰውን ድካም የኔ ነው አለ፤ እኔም ያለ ልክ መታሁት፤ እግዜር እኔንም ይቅር ይበለኝ። አሁን ደግሞ በሞተበት ነፍሱ እንድትጠየቅበት አታድርግ። ያንተን ስም መልስበት። እኔ ሳልሞት፣ እያየሁህ።»

እህቱን አየኋት። ምን እንደምታስብ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። ላፕቶፑን ወደ ራሴ አዙሬ መስመር ሃያን ከፈትኩ፤ የጓደኛዬ ስም አለ። ጣቶቼን ኪቦርዱ ላይ ወዲያ ወዲህ አደረግኩ። አንዲትም ፊደል ሳልነካ ጨዋታውን መልሼ አስነሣሁት።

«መለስኩት አባባ» አልኩ።

አላመኑኝም። «አንቺ፣ አንብቢልኝ» አሉ ለልጃቸው።

እህቱ ጎንበስ አለች። የወንድሟ ስም ከነአባቷ ስም በትልልቅ ነጭ ፊደል ስክሪኑን ሞልቶታል። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ አባቷ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል፣ የእኔን ስም አነበበች።

«ተመስገን» አሉ፤ ክንዴን ለቀው ራሳቸውን ትራሱ ላይ መለሱ። «አሁን ልጄ ከማንም የወሰደው ነገር የለም።»